በስም የሚሞሉ ጥይቶች

ይድረስ ለእናቴ፤

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ወገብሽስ? ዓይንሽስ መነጽሩን ተቀበለው ወይስ መነጽሩ አሁንም መሳቢያ ውስጥ እንደታሰረ ነው? ሁሉንም በየተራ ጠይቄአለሁ፤ ኋላ ልጄ ደብዳቤ ሲጽፍ የሚያወራው ስለ ራሱ ብቻ ነው ብለሽ ለአሰላ ሕዝብ እንዳታውጂብኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፀጉሬን አልተቆረጥኩም፤ አላገባሁም፤ አልታሰርኩም። በስልክ የምትጠይቂኝ እነዚህን ሦስቱን ስለሆነ አስቀድሜ መለስኩልሽ። ወንድምሽ ጋሼ ወርቁም ደህና ናቸው ብዬ ልቀጥል እስክሪብቶዬን ዝቅ አደረግሁና እጄ ቆመ። ስለዚህ እሱን ላቆየውና መጀመሪያ ስለ ሰማዩ ልንገርሽ።

ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል። ዋይትሆል የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላኖቹ ከጣሪያችን በላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ሆዳቸው እንደ ዓሣ ሆድ ነጭ ነው። ከሥራ ስገባ ደጅ ባለችው ሣር ላይ በጀርባዬ ተጋድሜ አያቸዋለሁ፤ ያኔ እነሱ የሚበሩ ሳይሆን እኔ ከወንዝ ውኃ ሥር የተኛሁ፣ ቅጠሉም ከላይ እየሰመጠ ወደ እኔ የሚወርድ ይመስለኛል። ጎረቤቶቹ ልጁ ምን ነካው ይላሉ መሰለኝ። ይበሉ። ትምህርት እኔን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ጨርሶኝ ሄዷል፤ የቀረኝ ማየት ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትያለሽ። ስደውልልሽ ጋሼ ከየትም ከየትም ብቅ ይሉና "ስፒከር ላይ አድርጋት" ይሉኛል። ሰውን ደግሞ ፊት ለፊቱ ማማት ነውር ነው፤ ወግ ባለው መንገድ ከኋላው ነው የሚታማው። ስለዚህ እትዬ ንግሥት ወደ አገር ቤት ሊመጡ ሻንጣ ሲያዘጋጁ አገኘኋቸውና ፖስታዬን ለአንቺ በገዛሁት ጫማ ውስጥ ወትፌ ሰጠኋቸው። በፕላስተር እስኪበቃው ጠቅልዬዋለሁ። እትዬ ንግሥት፣ ፈትተው እያነበቡት ከሆነ እንደምን ከረሙ?

እሳቸው በእኔ ቂም አላቸው። ሞርስ ሮድ ያለው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ግድግዳው ላይ ሙቀት የሚጨምርና የሚቀንስ ትንሽ ሳጥን አለ። እኔ "ከዛሬ ጀምሮ በድምፅ ይሠራል፤ እባክዎ ጮክ ብለው ይናገሩ" ብዬ በጥሩ ጽሕፈት ጽፌ ለጠፍኩበት። እትዬ ንግሥት ነጠላቸውን አጣፍተው ፊቱ ቆሙና ሙቀት ጨምር አሉት። ዝም። አማርኛ አይገባው ይሆናል ብለው በእንግሊዝኛ ሞከሩ። ዝም። ከዚያ ሽማግሌው ጋሼ ተፈሪ መጡና በትሕትና ጠይቂው እንጂ፣ ምን ታዢዋለሽ ብለው ራሳቸው ለሳጥኑ ጎንበስ ብለው ለመኑት። ጋሼ ወርቁ ይህን ሁሉ ከኋላ ወንበር ሆነው ያያሉ። ወረቀቱን እኔ እንደለጠፍኩት ያውቃሉ፤ አልተናገሩም። ሲስቁ አፋቸው አይስቅም፤ የሚስቀው ትከሻቸው ነው። ቤታቸው ስገባ ለሁለት ወር ያህል እንግዳ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ አብረን አለን። እኔ አስቃለሁ፣ እሳቸው በትከሻቸው ይስቃሉ።

አሁን ወደ ነገሩ።

ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ እንደሚተኩሱ ታውቂያለሽ፤ በዚህ ዕድሜው ምን አጥቶ ነው ብለሽ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋረጋ ካረፉ በኋላ የጀመሩት ነገር ነው። ጎረቤታቸው የነበረ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ፣ ጋሼ ቤታቸውን ዘግተው መቀመጣቸውን አይቶ፣ በር አንኳኩቶ ይዟቸው ሄደ። ሰውዬው ሲሞት ጥይት መሙያ ማሽኑን ለእሳቸው ተወላቸው። እዚህ አገር ጥይት እንደ ስኳር ከሱቅ ነው የሚገዛው፤ በሣጥን ተደርድሮ፣ እያብረቀረቀ። ጋሼ ግን አይገዙም። የተኮሱበትን ባዶ ቀለህ ሰብስበው ያመጡና ምድር ቤት ወርደው እንደገና ይሞሉታል።

ያንን ብታዪው ደስ ይልሽ ነበር። መጀመሪያ ቀለሆቹን የተፈጨ የፍሬ ቅርፊት ከሞላበት ማሽን ውስጥ ይጨምሯቸዋል። ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ያጸዳቸዋል፤ ድምፁ ስንዴ ሰፌድ ላይ ሲበጠር ነው፤ ሹ ሹ ሹ ይላል። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳዳምጠው እንቅልፍ ይሁን ንቃት አይለይልኝም። ከዚያ ቀለሁ ቂጥ ላይ እሳት የምትጭረውን ትንሽ ቆብ ይተክላሉ። እንደ ኑግ የጠቆረውን ባሩድ ያፈሳሉ። አረሩን አፉ ላይ ያስቀምጡና እጀታውን ይጫናሉ። መጨረሻ ላይ፣ ምድር ቤቱ እርጥብ ስለሆነ፣ እርጥበት እንዳይገባባት ቂጧን በጥፍር ቀለም ነካ ያደርጓታል። የጥፍር ቀለሙ የእትዬ ሸዋረጋ ነው። ቀይ።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አትንገሪ። ጋሼ እያንዳንዷን ጥይት የሚሞሉት የአንድ ሰው ስም እየጠሩ ነው። ባሩዱን ሲያፈሱ ስም ይጠራሉ፤ እጀታውን ሲጫኑ አሜን ይላሉ። "ላቀችን ከዚያ ከክፉ አለቃዋ አውጣት" ይሉና ባሩዱ ይፈሳል፤ "አሜን" ይሉና አረሩ ይገባል። ስም ሳይጠሩ ባሩድ አያፈሱም፤ አሜን ሳይሉ አይዘጉም። ለሰው የምጸልይበት ሰዓቴ ይኸው ነው ይላሉ። ሌላው ሰው ሲሞላ ሚዛን አለው፣ መብራት አለው፣ እያጎነበሰ በየቀለሁ ውስጥ ያያል። እሳቸው ማየት አያስፈልጋቸውም፤ መቁጠሪያቸው ሰው ነው።

እኔ መቼም አፌ አይዘጋም። ጋሼ፣ እርስዎኮ ጸልየውልን ጸልየውልን ቅዳሜ ወስደው ይተኩሱናል አልኳቸው። ከማሽኑ ላይ ቀና ሳይሉ፣ "የአንተዋማ የዒላማውን ወረቀትም አትነካ። ጥይት ሆነህም ቀጥ ብለህ አትሄድም" አሉኝ።

አንድ ሰሞን ሥራችን በዚህ መከራከር ነበር። እኔ የፋብሪካ ወገን ነኝ። ለጋሼ፣ ማሽን አያንቀላፋም፣ አያዝንም፣ አያስነጥስም፤ አንዷን እንደ ሌላዋ አድርጎ ይሞላል አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ የፋብሪካ ጥይት አባት የላትም አሉ። ማን ሞላት? በምን ልብ ሞላት? ሱሪዬን አዩና፣ ይህ ሱሪ ከወገብህ የሚሸሸው ለምን ይመስልሃል፣ የሰፋው ሰው ስላላየህ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የፋብሪካዋ እንዳልተገራ በቅሎ ትራገጣለች፤ እሳቸው ግን የእጃቸው አንጓ ስለሚያማቸው ለራሳቸው ባሩዱን ቀነስ፣ ለስለስ ያደርጋሉ። ሱቅ የእሳቸውን አንጓ ከየት ያውቃል?

በዚያው ሰሞን ሕልም አየሁ። ጋሼ ቀለሆቹን እንደ ባቄላ ጓሮ ውስጥ ተክለዋቸው በቅለዋል። በየቡቃያው ጫፍ የሰው ፊት አለ፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል። ጋሼ በቦዩ መሀል ይሄዳሉ። ስም ሲጠሩ አንዱ ፊት ዓይኑን ይገልጥና ወደ እሳቸው ይዞራል። ስነቃ ለእሳቸው ነገርኳቸው፤ ካንተ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ቁም ነገር ነው አሉኝ።

እንዲህ ነበርን። ከዚያ አንድ ቅዳሜ መጣ።

ዒላማ የሚተኮስበት ቤት ስትገቢ ጆሮሽ ላይ ማፈኛ ታደርጊያለሽ። ያን ጊዜ ዓለም ይርቃል። የጎረቤቱ ተኩስ ሌላ ቤት ውስጥ የሚዘጋ በር ይመስላል፤ ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ ታያለሽ፣ ቃሉ አይደርስሽም። ጋሼ ያቺን ስድስት ጎራሽ ሽጉጣቸውን ይዘው ይተኩሳሉ፤ እኔ ከኋላ ቆሜ የቀን ሕልም አልማለሁ። አንዷ ጥይት ስትወጣ ግን እንደ ሌሎቹ አልጮኸችም። ሽማግሌ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ብቻ እህ አለች። ወረቀቱን አየሁት፤ አዲስ ቀዳዳ የለም።

እናቴ፣ ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ደረጃው ላይ አስቀምጠው፣ እየደጋገሙ፦ ድምጿ ያነሰች ጥይት ከሰማህ እጅህን ከቃታው አንሳ፤ ባሩድ አልነበራትም ማለት ነው፤ አረሯ አፈሙዙ ውስጥ ተወትፋ ቀርታለች፤ ከኋላዋ ሌላ ከላክህ ሽጉጡ እጅህ ላይ ይፈነዳል፤ ጣትህንም ዓይንህንም ይወስዳል። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ሰው ዳግመኛ ሊተኩሱ ሽጉጡን አነሱ።

በሁለት እጄ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ታች ተጫንኩት። "ተው አንተ ልጅ፣ እዚህ ቀልድ የለም" አሉኝ። ጋሼ፣ አልቀለድኩም አልኳቸው። አላመኑኝም። ዕድሜ ልኩን ሲያሾፍ የኖረ ሰው እውነቱን ሲናገር ፊቱ ምን መምሰል እንዳለበት አያውቅም፤ የእኔም ፊት የሚስቅ መሰለ መሰለኝ። አልለቀኳቸውም። የተኩስ ቤቱ ተረኛ ሴትዮ መጥታ ሽጉጡን ተቀበለችን፤ በዘንግ ነካክታ አረሯን አፈሙዙ መሀል አገኘቻት። ጋሼን አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ፣ ባሩድ አልነበራትም አለች። ጋሼ እርጥበቱ ነው አሉ። ደጋግመው እርጥበቱ ነው አሉ።

ስንመለስ መኪናውን የነዱት እሳቸው ናቸው። ወደ ቤት መታጠፍ ሲገባን ወደ ሞርስ ሮድ ነዱ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ገብተው አቆሙ። ማንም የለም፤ በሩ ተዘግቷል፤ ቅጠል ብቻ መኪና የቆመ ይመስል መስመሩን ይዞ ተኝቷል። ጋሼ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው አልኳቸው። አውቃለሁ፣ ሰላም ልል ነው አሉ። ከመኪናው ሳይወርዱ ለተዘጋው በር ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉት። እኔም አልኩት። ከዚያ ወደ ቤት ሄድን። በዚህ የምቀልድ መስሎሽ ይሆናል፤ አልቀለድኩም።

እሳቸው ለጸሎት በሄዱበት አንድ ቀን ምድር ቤት ወርጄ የሞሏቸውን ጥይቶች ፈታሁ። መዶሻ የመሰለች መንቀያ አለቻቸው፤ ጥይቷን ውስጧ አስረሽ ሲሚንቶው ላይ ስትመቺ አረሩም ባሩዱም ይወጣል። አብዛኞቹ ደህና ናቸው። አንዷ ግን ባዶ ናት፤ ቆብ አላት፣ አረር አላት፣ ባሩድ የላትም። ሌላዋ ደግሞ የሁለት ጥይት ባሩድ ታጭቆባታል፤ እሷ ከባዶዋም ትብሳለች። የሞሉት በስም ነው ብዬሻለሁ። እንግዲህ አንዱን ሰው ሁለቴ ጠርተውታል፤ አንዱ ሰው ደግሞ ሳይጠራ አሜን ተብሎበታል። ባዶዋን መዳፌ ላይ አድርጌ ማን ትሆን ብዬ አሰብኩ። እኔ ነኝ፣ የቤቱ ጉድ፣ ቢረሱኝ ይገባኛል ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ብዙ አልሳቅሁም። ማሽኑ ሹ ሹ እያለ፣ ከላይ አውሮፕላን እያለፈ፣ እዚያው ቁጭ አልኩ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ረስተዋል፣ ከእንግዲህ አይንኩ ብላቸው ጥይቱን ብቻ የከለከልኳቸው አይደለም። ጸሎታቸው እዚያ ላይ ነው። እትዬ ሸዋረጋ በቀለማቸው እዚያ አሉ። ያንን ዘግቼ ምን አስይዛቸዋለሁ? ቴሌቪዥን? ዝም ብላቸው ደግሞ አንድ ቅዳሜ እኔ ሺፍት ገብቼ ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ ያን ቀን ክንዳቸውን የሚይዝ የለም።

ልጅሽ ሌላ ሙያ የለውም፤ ተንኮል ነው የሚያውቀው። ሱቅ ሄጄ ከፋብሪካው ጥይት ረገጣዋ ቀለል ያለችውን መርጬ ገዛሁ። ጋሼ የሞሉትን ከሣጥናቸው አውጥቼ የፋብሪካዋን ተካሁበት። ቀይ ነጥቧስ? እሱን ነው ማየት የነበረብሽ። አልጋዬ ላይ ፎጣ አንጥፌ፣ ጥይቶቹን ቂጣቸውን ወደ ላይ ደርድሬ፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ ምላሴን ወጣ አድርጌ አንድ በአንድ የጥፍር ቀለም እቀባቸዋለሁ። የእትዬ ሸዋረጋን ቀለም መንካት ስለከበደኝ ሌላ ገዛሁ፤ ቀይ ነው ብላ የሸጠችልኝ ልጅ ዓይን የላትም፣ ወደ ሮዝ ያደላል። ካናል ዊንቸስተር የምሠራበት መጋዘን ውስጥ አለቃዬ ጣቴን አይቶ ናይስ ከለር አለኝ። አመሰገንኩት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከኋላቸው ቆምኩ። ጋሼ ተኮሱ። እጃቸው ከወትሮው ከፍ ብሎ ተነሣ። ዝቅ አድርገው አንጓቸውን አዩት፤ ገለባብጠው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ "ዛሬ ጸሎቱ ጠንከር ብሏል" አሉ።

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ወረቀቱን ስናመጣው ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው እንደ አበባ ተከማችተዋል። የፋብሪካህ እንዲህ ታደርጋለች? አሉኝ። አታደርግም ጋሼ አልኳቸው። በል ተማር አሉኝ። ክርክር ተሸንፌ የማላውቅ ልጅሽ እንዲያ ደስ ብሎኝ ተሸንፌ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሳቸው ይሞላሉ፣ እኔ እለውጣለሁ። የእሳቸውን እንድታስወግደው ለዚያች ተረኛ ሴትዮ አደርሳለሁ፤ ተቀብላኝ ራሷን ትነቀንቃለች።

ግን እስከ መቼ? አንድ ቀን ሳልለውጥ ይቀድሙኛል። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። ጋሼ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የሚፈሩት አንቺን ነው። እናታችሁ ከሞተች በኋላ በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሻቸው አንቺ ነሽ። ደውዪና ያንን ነገር ተው፣ እኔ አልወደድኩትም በይልኝ። ምክንያቱን አትንገሪያቸው። ታላቅ እህት ምክንያት አይጠየቅም። እኔ የነገርኩሽ መሆኑን ካወቁ ግን ከዚያ ወዲህ በደግ ዓይናቸው አያዩኝም።

*

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ዘግቼ ሰጥቼ ነበር። የእትዬ ንግሥት በረራ በሳምንት ተገፋና ሄጄ ከጫማው ውስጥ መልሼ አወጣሁት። ፕላስተሩ አልተነካም፤ በክፉ ስላሰብኳቸው ይቅርታ። የሚጨመር ነገር መጥቷል።

ከሥራ ስገባ ጠዋት ነበር። ጋሼ ከታች በስሜ ጠሩኝ። ወረድኩ። ምድር ቤታችን ከመሬቱ ልክ የሆነች አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው፤ የወደቀው ቅጠል ተደግፏት ስለነበር የሚገባው ብርሃን ሁሉ ቢጫ ነው። ጋሼ በብርሃኑ ውስጥ ማር ውስጥ እንዳለ ሰው ተቀምጠዋል። ማሽኑ እየሠራ ነው። ከራሳቸው ወንበር ጎን ሌላ ወንበር አስቀምጠዋል፤ እኔ ሁልጊዜ ደረጃው ላይ ነበር የምቀመጠው። ተቀመጥ አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ከዚያ አንዷን ቀለህ በጣታቸው እያሻሹ፣ "የፋብሪካዋም ለካ አትጠላም" አሉ።

እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሰበብ ለመፈለግ እንዲያ ያለ ጣሪያ አይመችም። መቼ ቀመሷት ጋሼ? አልኳቸው በመጨረሻ። ትከሻቸው ትንሽ ሳቀ። አንጓቸውን እያሹ፣ እንደ በቅሎ ናት አሉ፣ ግን መንገዱን ታውቃለች። ከዚያ ከኪሳቸው የሽጉጡን ሣጥን ቁልፍ አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት፤ ጣቶቼንም ራሳቸው አጠፉልኝ። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ዘንድ ይሁን አሉ። ሳልጠይቃቸው።

ቀጥለው ባሩዱን ወደ እኔ ገፉት። ከእንግዲህ ባሩዱን አንተ አፍስ፣ በደንብ እያየህ አፍስ አሉኝ፤ ስሙንም አንተ ጥራ፤ እኔ እጀታውን እጫናለሁ፣ አሜን እላለሁ። የምቀልደው ፈልጌ አጣሁ። ለምን ጋሼ? ብዬ ብቻ ጠየቅሁ።

"ስሞቹ ይሸሹኛል" አሉ። "እንደ ዶሮ ናቸው። በር ላይ ቆመው ያዩኛል፤ ልይዛቸው እጄን ስዘረጋ ይበተናሉ።"

ይህን ያሉት እንደ ሐዘን አይደለም። ጓሮ ያዩትን ነገር የሚናገሩ ነው የሚመስሉት። እኔም እሺ አልኳቸው፤ ዶሮ መያዝ እኔ አውቃለሁ።

ጀመርን። ላቀችን ጠራሁ፤ ባሩዱን አፈሰስኩ፤ ወደ ብርሃኑ አዘንብዬ አየሁ፤ እሳቸው እጀታውን ተጫኑ፤ አሜን። ጋሼ ተፈሪን ጠራሁ፤ አሜን። እትዬ ንግሥትን ጠራሁ፣ ከነሻንጣቸው በሰላም ያድርስልን ብዬ፤ አሜን። የሞተውን ፈረንጅ ጎረቤት ስጠራ ተቆጡኝ። ለሞተ ሰው አይጸለይም፣ ይህን እንኳ አልተማርክም? አሉ። ባሩዱን ልመልስ ስል ግን እጄን ያዙ፤ ከፈሰሰ አይመለስም አሉና ተጫኑት። ይህን ሳይ ተንኮሌ ተነሣና እትዬ ሸዋረጋን ጠራሁ። አልተቆጡም። አሜንም አላሉ። እጀታውን ቀስ ብለው፣ የተኛ ሰው ያለበትን ክፍል በር እንደሚዘጋ ሰው፣ ወደ ታች አወረዱት።

የራሴን ስም ጠራሁ። ይህን እንኳ ሳትጠራውም አውቀዋለሁ፣ መቼ ያስረሳል አሉ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅሽም።

ከዚያ ያንቺን ስም ጠራሁ።

እጃቸው እጀታው ላይ ቆመ። እስቲ ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። በመስኮቷ በኩል ቅጠሉን እያዩ፣ ራሳቸው በቀስታ አሉት፤ እንደ ከረሜላ አፋቸው ውስጥ አዟዟሩት።

"ስሟ ደስ ይላል" አሉ። "ለእሷ በደንብ አፍስላት።"

አፈሰስኩ። አሜን አሉ። ከሁሉም አሜን ያንቺው ረዘመ። ማሽኑ ሹ ሹ ሹ ይላል፤ ብርሃኑ ከጠረጴዛው ወደ ጉልበታችን ወረደ፤ እኛም ቀጠልን። እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ የሄደ ቀን አላየሁም።

ስለዚህ እላይ የለመንኩሽን ተይው። ተው አትበያቸው፤ አትቆጫቸው። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ባሩዱም በእኔ እጅ ነው፤ እያንዳንዷን እያየሁ ነው። መኪናውንም ካሁን በኋላ እኔ እነዳለሁ፤ ቀስ እያልክ ንዳ ብለው ተስማምተዋል። ሰኞ ሐኪም ዘንድ እወስዳቸዋለሁ። ለዓይናቸው ነው ብያቸዋለሁ፤ እሳቸውም ለዓይኔ ነው ብለው ለጋሼ ተፈሪ ነግረዋል። ሁለታችንም ጥሩ ዋሾ ሆነናል።

አንቺ ደውዪላቸው። ቶሎ ቶሎ ደውዪላቸው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ እዚህ ቤት ውስጥ መስመሩ ይቆራረጣል፤ ድምፅ ይለውጣል። ስለዚህ እንደ ዱሮሽ "እኔ ነኝ" ብለሽ በቀጥታ ወደ ወሬው አትግቢ። መጀመሪያ ስምሽን ንገሪያቸው። ታላቅ እህትህ ነኝ በያቸው፣ በጀርባዬ ያዘልኩህ፣ አሰላ ያለሁት። ከዚያ ሰላምታሽን ቀጥዪ። በደወልሽ ቁጥር እንደዚያው አድርጊ፤ ትናንት ነግሬዋለሁ ብለሽ አትተዪ። ዝም ካሉሽም አትደንግጪ፤ ጠብቂያቸው። መስመሩ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ደጅሽ ሰው አይጣ፤ የጠራሽው ሁሉ አቤት ይበልሽ። እኔንም መርቂኝ፤ ምርቃትሽ ሲመጣ ከላይ ከአውሮፕላኖቹ ጋር ሲያልፍ አየዋለሁ።

እስክንገናኝ ድረስ በስምሽ የምምለው፣

አስቸጋሪው ልጅሽ